ሐኪም ነኝ ባይ፦ ስለ «ሙና ባይ ኤም.ቢ.ቢ.ኤስ.» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የህንድ ፊልም ገና ያላየ ሰው ካለ መጨረሻው ሳይቀር እንደሚነገረው አውቆ ያንብብ።

ፊልሙ ስለ ምንድን ነው?

ሙርሊ ፕራሳድ ሻርማ የሙምባይ ወሮበላ ነው። ሰፈሩ «ሙና ባይ» ይለዋል። እንጀራው ባለዕዳ አፍኖ ገንዘብ ማስከፈል ነው። ገጠር ያሉት እናትና አባቱ ግን ልጃቸው ሐኪም ሆኖ ድሆችን የሚያክም ይመስላቸዋል። ሊጠይቁት በመጡ ቁጥር ሙናና ግብረ አበሮቹ ጉድ ጉድ ይላሉ፤ ጉልበተኞቹ ግማሾቹ ነጭ ጋውን ለብሰው ሐኪም፣ ግማሾቹ አልጋ ላይ ተጋድመው በሽተኛ ይሆናሉ። ቤቱ በአባቱ ስም የተሰየመ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ይሆናል።

ውሸቱ የሚፈነዳው አባትየው ዶክተር አስታና የሚባል የድሮ ትውውቃቸውን አግኝተው «ልጆቻችንን እናጋባ» ሲባባሉ ነው። አስታና እውነቱን ይደርስበታል፤ ሽማግሌዎቹንም አዋርዶ ይሸኛቸዋል። ሙና ያን ጊዜ እልህ ይይዘዋል፦ ሐኪም እሆናለሁ ብሎ ይምላል። በማጭበርበር ሕክምና ኮሌጅ ይገባል። የኮሌጁ ዲን ደግሞ ያው አስታና ነው። ሳቁም ለቅሶውም ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

ስሙ ምን ማለት ነው?

«ሙና» በሰሜን ህንድ ትንሽ ልጅን የሚያቆላምጡበት ስም ነው፤ እኛ «ማሙሽ» እንደምንለው። «ባይ» ወንድም ማለት ሲሆን፣ በሙምባይ የጎዳና ቋንቋ የወሮበላ አለቃም «ባይ» ይባላል። እንግዲህ «ማሙሽ አለቃው» እንደማለት ነው፤ ቀልዱ ከስሙ ይጀምራል። ኤም.ቢ.ቢ.ኤስ. በህንድ የመጀመሪያው የሕክምና ዲግሪ ነው። አራት ዓመት ተኩል ትምህርትና አንድ ዓመት የሆስፒታል ልምምድ ይፈጃል፤ በእኛ አገር ኤም.ዲ. የሚባለውን ቦታ ይይዛል።

በአማርኛ ሲነበብ ደግሞ ህንዶቹ ያላሰቡት ሌላ ቀልድ ይጨመርበታል። «ባይ» ለእኛ «ነኝ ባይ» ነው። ሐኪም ነኝ ባይ! ለፊልሙ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አስቦ ማግኘት ይከብዳል።

መቼ ወጣ? እነማን ሠሩት?

ለሕዝብ የቀረበው ታኅሣሥ 9 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 19 ቀን 2003 ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዳይሬክተሩ ራጅኩማር ሂራኒ ሲሆን የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ከዚያ በፊት በፊልም ኤዲተርነትና በማስታወቂያ ሥራ ነበር የሚተዳደረው። ፕሮዲውሰሩ ቪዱ ቪኖድ ቾፕራ ነው።

ሙናን ሳንጃይ ዳት፣ ቀኝ እጁን ሰርኪትን አርሻድ ዋርሲ፣ ዶክተር አስታናን ቦማን ኢራኒ፣ የአስታናን ልጅ ዶክተር ሱማንን ግሬሲ ሲንግ፣ የካንሰር በሽተኛውን ዛሂርን ጂሚ ሸርጊል ይጫወታሉ። አባትና እናቱን ሱኒል ዳትና ሮሂኒ ሃታንጋዲ ሠርተዋቸዋል። ዛሬ ስሙ የገነነው ናዋዙዲን ሲዲቂም ባቡር ጣቢያ ውስጥ ኪስ አውላቂ ሆኖ ለአፍታ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ማንም አላወቀውም።

ፊልሙ ሕዝብን በጨዋ መንገድ የሚያዝናና ተብሎ የህንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ወስዷል። ሳንጃይ ዳትም በኮሜዲ ተዋናይነት የፊልምፌር ሽልማት አግኝቶበታል። ለዓመታት በጠመንጃና በጡንቻ ፊልሞች ለሚታወቅ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሳንጃይ ዳት የተወለደው በጁላይ 1959፣ ቦማን ኢራኒ ደግሞ በዲሴምበር 1959 ነው። የአንደኛ ዓመቱ ተማሪ ዲኑን በአራት ወር ይበልጠዋል ማለት ነው። ኢራኒ ወደ ፊልም የገባው በሆቴል አስተናጋጅነት፣ በቤተሰቡ ሱቅና በፎቶግራፍ አንሺነት ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ስለሆነ ፊቱ ለተመልካቹ አዲስ ነበር። ብዙ ሰው ዲኑን እንደ ተዋናይ ሳይሆን እንደ እውነተኛ ዲን የጠላው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

ሂንዲ ለማይችል ሰው ቀልዱ ይገባል?

አብዛኛው ይገባል፤ የሚቀር ነገር ግን አለ። ሙናና ሰርኪት የሚያወሩት የመጽሐፍ ሂንዲ ሳይሆን ሂንዲን ከማራቲ፣ ከጉጃራቲና ከእንግሊዝኛ ያደባለቀ የሙምባይ የመንገድ ቋንቋ ነው። «እኔ» ሲል «አፑን» ይላል። «ማለትም» ለማለት «ቦሌ ቶ» ይላል (የእኛ ቦሌ አይደለም)። ዲኑን «ማሙ» ብሎ ይጠራዋል። ማሙ አጎት ማለት ቢሆንም በዚያ ቋንቋ ሞኝ መሆንንም ይነካል። ባለ ብዙ ዲግሪው ፕሮፌሰር በገዛ ኮሌጁ «አጎቴ ሞኙ» ሲባል ነው ሲኒማ ቤቱ የሚፈርሰው። ይህ በግርጌ ጽሑፍ ሊተላለፍ አይችልም።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ያለ ምንም ትርጉም፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው እየገመተ ለጓደኛው ሲያስረዳ እየሰማሁ ነው። ግማሹን ተሳስቶ ነበር። ሆኖም ሁለታችንም በትክክለኛው ቦታ ላይ ሳቅን፤ በትክክለኛው ቦታ ላይም ዝም አልን። ደግሞ አንዳንዱ ቃል ያለ አስተርጓሚ ጆሮ ይይዘዋል። «ዱኒያ» እዚያም ዱኒያ ነው። «ሐኪም»ም አለ፤ እነርሱ ዘንድ ግን ዩናኒ የሚባለውን ጥንታዊ ሕክምና የሚያውቅ ባለሙያ ነው እንጂ ነጭ ጋውን የለበሰው አይደለም።

ሳንጃይና ሱኒል ዳት እውነተኛ አባትና ልጅ ናቸው?

አዎ። ከዚህ በፊት ሁለቱም ስማቸው አንድ ፊልም ላይ ሰፍሮ ያውቃል፤ ፊት ለፊት ቆመው ሲተውኑ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የመጨረሻቸውም ሆነ። ሱኒል ዳት በሜይ 2005፣ የህንድ የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስትር ሳሉ አረፉ።

ህንዳዊ ተመልካች ሁለቱን ሲያይ የሚያየው ሙናንና አባቱን ብቻ አይደለም። ሳንጃይ በወጣትነቱ በአደንዛዥ ዕፅ ተይዞ ነበር። እናቱ ዝነኛዋ ተዋናይት ናርጊስ የመጀመሪያ ፊልሙ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት በ1981 በካንሰር ሞተች። በ1993 ከሙምባይ የቦምብ ፍንዳታዎች ጋር በተያያዘ ሕገ ወጥ መሣሪያ ይዘሃል ተብሎ ታሰረ፤ አባቱም እሱን ለማስፈታት ደጅ ያልጠኑበት የለም። ፊልሙ ሲወጣ ክሱ ገና አልተዘጋም ነበር። በኋላ ተፈርዶበት እስሩን የጨረሰው በ2016 ነው።

ስለዚህ መጨረሻው ላይ አባትየው «እናትህን ሁልጊዜ ታቅፋለህ፤ ዛሬ እኔንም እቀፈኝ» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ልጁም ሲጠመጠምባቸው፣ ትወናው የት አብቅቶ ኑሮው የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። ፊልሙን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያችን ትዕይንት ግን አሁንም ደረቅ ዓይን ይዤ አላልፋትም። ይኸው ዳይሬክተር በ2018 የሳንጃይን ሕይወት ራሱን የቻለ ፊልም አድርጎ ሲሠራ የአባትና የልጁን ታሪክ ከመሐሉ ያስቀመጠው ያለ ነገር አይደለም።

ሰርኪት ለምን ይህን ያህል ተወደደ?

ምክንያቱም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ሙና አስከሬን ካለ አስከሬን ፍለጋ ይወጣል፤ ፈተና የሚቀመጥልኝ ሐኪም ካለ ሐኪም ይዞ ይመጣል። ጥቁር ልብሱንና የአንገት ሰንሰለቱን ሳያወልቅ ሆስፒታሉን ይዞራል። አርሻድ ዋርሲ ያን ጊዜ ሥራው ተቀዛቅዞ ነበር፤ ይህ ገጸ ባሕርይ ነው ያነሣው። ዛሬም ህንድ ውስጥ ታማኝ ጓደኛ ያለው ሰው «የእኔ ሰርኪት» ይላል።

«ጃዱ ኪ ጃፒ» ምንድን ነው?

ቃል በቃል «የአስማት እቅፍ» ነው። «ጃፒ» ከፑንጃቢ የመጣ ቃል ሲሆን ጥብቅ አድርጎ ማቀፍ ማለት ነው። ሙና ከእናቱ የተማረው መድኃኒት ይኸው ብቻ ነው፤ የተበሳጨ፣ የፈራ፣ የተናቀ ሰው ሲያይ ሳያስፈቅድ ይጠመጠምበታል።

የምትታወሰው የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ትዕይንት ናት። ሽማግሌው ማቅሱድ ባይ የወለወሉትን ወለል ሰው ሁሉ እየረገጠ ያልፋል። እሳቸውም ይራገማሉ። ሙና ቀርቦ ያቅፋቸውና ስለሥራቸው ያመሰግናቸዋል። ሽማግሌው መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ቀጥሎ ፊታቸው ይለወጣል። በቃ፤ ይኸው ነው። ግን እዚያ ሕንጻ ውስጥ ለዓመታት ማንም «አመሰግናለሁ» ብሏቸው እንደማያውቅ ከዚያ ፊት ይነበባል።

ዲኑ ሲናደድ ለምን ይስቃል?

ዶክተር አስታና ቁጣውን በሳቅ ሕክምና ለመቆጣጠር የሚሞክር ሰው ስለሆነ ነው። ይህ የጸሐፊዎቹ ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማዳን ካታሪያ የሚባሉ የሙምባይ ሐኪም በ1995 በዚያው ከተማ መናፈሻ ውስጥ ሰዎችን ሰብስበው አብረው የሚስቁበትን ክበብ ጀምረዋል። የሳቅ ክበብ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። የሙምባይ ሰው ማለዳ መናፈሻ ውስጥ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚንከተከት ጎረቤቱን ስለሚያውቅ ቀልዱ ወዲያው ይገባዋል።

ቀልዱ ውስጥ ግን እሾህ አለ። ለደስታው መጽሐፍና ዘዴ የሚያስፈልገው ሐኪሙ ነው፤ ያለ ዘዴ የሚስቀው ወሮበላው ነው።

ሙና መሆን የነበረበት ሻህሩክ ካን ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

መጀመሪያ የታሰበው እሱ ነበር፤ በጤና ምክንያት ቀረ። ሳንጃይ ዳት ደግሞ በመጀመሪያው ሐሳብ የሚጫወተው የዛሂርን ቦታ ነበር። ሻህሩክ ቢሠራው መጥፎ ይሆን ነበር አልልም። ነገር ግን ሻህሩክ ነጭ ጋውን ሲለብስ ሐኪም ይመስላል፤ ሳንጃይ ዳት ሲለብሰው ጋውኑን የሰረቀ ይመስላል። የፊልሙ ቀልድ የቆመው እዚያ ላይ ነው።

ከአሜሪካው «ፓች አዳምስ» የተቀዳ ነው?

ጥርጣሬው መሠረት አለው። ያ ፊልም የወጣው በ1998 ነው፤ እሱም በሳቅና በወዳጅነት በሽተኛን የሚያክም፣ ከዲኑ ጋር የሚጣላ የሕክምና ተማሪ ታሪክ ነው። አሳቡ ይመሳሰላል።

አካሉ ግን የተለየ ነው። አሜሪካዊው እውነተኛ ሐኪምን መነሻ ያደረገ ጎበዝ ተማሪ ሲሆን፣ ሙና አንዲት የአናቶሚ ቃል በቅጡ የማይጠራ ወንበዴ ነው። ወላጅን የማሳፈር ፍርሃት፣ ሐሰተኛው ሆስፒታል፣ የአባት ቂምና ይቅርታ፣ ይህ ሁሉ ከህንድ ቤት የወጣ ነው። እዚህ አገር ላለ ሰው ማስረዳትም አያስፈልግም፤ «ልጄ ዶክተር ነው» ለማለት ዕድሜውን የሚሰጥ ወላጅ በየሰፈራችን አለ።

ተከታይ አለው? በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል?

በሴፕቴምበር 2006 «ላጌ ራሆ ሙና ባይ» ወጥቷል። ታሪኩ ግን አይቀጥልም። ሙናና ሰርኪት ስማቸውን እንደያዙ አዲስ ኑሮ ይጀምራሉ፤ ሐኪሟ ሱማን የለችም፤ ቦማን ኢራኒም ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። በዚህኛው ሙና የታሪክ ፕሮፌሰር ነኝ ብሎ ይዋሽና ማህተማ ጋንዲ ይታዩታል። የፈለጋችሁትን አስቀድሙ፤ እኔ ግን የመጀመሪያው ይቅደም እላለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ሙና ወደ አሜሪካ ሲሄድ የሚያሳይ ይሆናል ተብሎ ማስታወቂያው ሁሉ ታይቶ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። የመጀመሪያው ፊልም በ2004 በቴሉጉ በቺራንጂቪ፣ በታሚል በካማል ሃሳን፣ በ2006 ደግሞ በከናዳ (የደቡብ ህንድ ቋንቋ ነው፤ አገሩ ካናዳ አይደለም) በኡፔንድራ እንደገና ተሠርቷል። ሦስቱም በየቋንቋቸው ትልልቅ ስሞች ናቸው።

ሙና ስለ ቅጹ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ ምንድን ነው?

ፊልሙን ከሳቅ በላይ ያደረገችው ጥያቄ ይህች ናት። ሙና በመጀመሪያው ትምህርት ዲኑን ይጠይቀዋል፦ ሰው ሊሞት እያጣጣረ ሳለ ቅጽ መሙላት ግድ ነው ወይ? ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ያን የጠየቀ ሌላ ተማሪ የለም። ምክንያቱም ሌሎቹ የመጡት ለትምህርት ነው፤ እሱ ግን በሆስፒታሉ በር ላይ ያየውን ይዞ ነው የገባው።

የሚገርመው፣ መልሱ በሕግ ደረጃ ፊልሙ ከመውጣቱ 14 ዓመት አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። መኪና የገጨውን አንድ ሞተረኛ የቅርቡ ሆስፒታል «የፖሊስ ጉዳይ ያለበትን አንቀበልም» ብሎ ሩቅ ወዳለ ሌላ ሆስፒታል ሲልከው መንገድ ላይ ሞተ። ይህን በጋዜጣ ያነበበው ፓርማናንድ ካታራ ጉዳዩን ወደ ህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርድ ቤቱም በ1989 የመንግሥትም ሆነ የግል ሐኪም የተጎዳን ሰው በመጀመሪያ የማከም ግዴታ አለበት፤ ወረቀቱ ይደርሳል ሲል ወሰነ። በ2003 ተመልካቹ አሁንም በዚያች ጥያቄ ማጨብጨቡ ውሳኔው ከወረቀት ወደ ሆስፒታሉ ካርድ መስኮት ለመውረድ ምን ያህል እንደዘገየ ያሳያል።

እኛም የራሳችን ቃል አለን፤ «መጀመሪያ ካርድ አውጡ»። አንድ ሌሊት የታመመ ዘመዴን በትከሻዬ ደግፌ ስሙን በካርድ ክፍሉ መስኮት ሦስት ጊዜ ፊደል በፊደል ተናግሬአለሁ። ከመስኮቱ ጀርባ የነበረችው ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ ደክሟት ነበር። ፊልሙም ክፉ ሰው አይፈልግም። ዲኑ እንኳን ክፉ አይደለም፤ ሥርዓቱን ከሰውየው ያስቀደመ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ነው።

እቅፍ በእርግጥ ይፈውሳል?

አይፈውስም፤ ፊልሙም ይፈውሳል አይልም። ዛሂር ወጣት ነው፣ የካንሰር በሽተኛ ነው፣ መኖር ይፈልጋል፤ ሙናን አድነኝ ብሎ ይለምነዋል። ሙና ያለውን ሁሉ ያደርጋል። ዛሂር እጁ ላይ ይሞታል። ከልጅነታችን ጀምሮ የህንድ ፊልም ያስተማረን «አክተር አይሞትም» የሚል ነበር፤ ዛሂርም አክተሩ ባይሆንም ከአክተሩ እጅ ላይ ይድናል ብለን ጠብቀን ነበር። ሳቁን ያመነ ሰው ያን ጊዜ ይደነግጣል። የፊልሙ ሐቀኝነት ግን ያለው እዚህ ነው። ዛሂር ቢድን ኖሮ ፊልሙ የባሕል መድኃኒት ማስታወቂያ ይሆን ነበር።

ታዲያ እቅፉ ምን ይሠራል? ለዚህ አማርኛ ከሂንዲም ከእንግሊዝኛም የተሻለ ቃል አለው፦ አስታማሚ። ሐኪሙ ያክማል፤ አስታማሚው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ውሃ ያቀምሳል፣ ትራስ ያነሣል፣ የሆነ ያልሆነውን ያወራል። ሙና ኮሌጅ የገባው ሐኪም ለመሆን ነው፤ የሠራው ግን የአስታማሚ ሥራ ነው። አልበላም ላሉት ሽማግሌ የካሮም መጫወቻ ይዞ ይመጣል። ዲኑ «ሰብጀክት» እያለ ለተማሪዎች የሚያሳየውን፣ ለዓመታት ዓይኑን ገልጦ ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠውን ሰው «አናንድ ባይ» ብሎ በስሙ እየጠራ ያጫውተዋል። የሕክምና ሊቁም ይህን አይንቅም፤ የሚታመንበትን ሐኪም ያገኘ በሽተኛ የልቡን ይናገራል፣ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይወስዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው እኮ ከዚህ አይርቅም።

የአናንድ ታሪክ ለሙምባይ ሰው ተረት ብቻ አልነበረም። በዚያች ከተማ በኬ.ኢ.ኤም. ሆስፒታል ነርስ የነበረችው አሩና ሻንባውግ በ1973 በሥራ ቦታዋ ከደረሰባት ጥቃት በኋላ ራሷን ሳታውቅ 42 ዓመት ኖራለች። እስከ ሞተችበት እስከ 2015 ድረስ የተንከባከቧት በየጊዜው የተተካኩት የሆስፒታሉ ነርሶች ናቸው። ፊልሙ የእሷ ታሪክ ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ይታጠባል፣ ይገላበጣል፣ በስሙ ይጠራል ብሎ ማመን በዚያች ከተማ የሲኒማ ቅዠት እንዳልሆነ ማወቅ ጥሩ ነው።

ፊልሙ ማጭበርበርን አያበረታታም?

ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሙና የመግቢያ ፈተናውን አልተቀመጠም። ዶክተር ሩስቶም የሚባል ሐኪም ተገድዶ ተቀመጠለት፤ የሩስቶም አባት ደግሞ እስከዚያ ድረስ የሙና «እንግዳ» ነበሩ። እኛ ሳቅን። በዚያ ዓመት ሌት ተቀን አጥንቶ በአንድ ነጥብ የቀረው ልጅ ግን ፊልሙ ውስጥ የለም፤ ወንበሩን የወሰደበት ሙና ነው።

ይህ በህንድ ተራ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ በመላ አገሪቱ የሚሰጠውን የሕክምና መግቢያ ፈተና በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ወጣት ይቀመጣል፤ ያለው የኤም.ቢ.ቢ.ኤስ. ቦታ ከ100 ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት «ቪያፓም» በሚባለው የፈተና ቦርድ ለዓመታት ሌላ ሰው እየተቀመጠ፣ ውጤት እየተሸጠ ሐኪም ሲመረት እንደነበር በ2013 ተጋለጠ። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ600 በላይ ተማሪዎች በዚያ መንገድ ያገኙትን ቦታና ዲግሪ ሰረዘ። የህንድ ጋዜጦችም ለሌላ ሰው ፈተና ሲቀመጥ የተያዘን ሁሉ «ሙና ባይ ተያዘ» ብለው ይጽፋሉ። የተወደደ ገጸ ባሕርይ ስም የወንጀል ስም ሆኖ ቀረ።

ለፊልሙ የምከራከርለት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሙናን በሐሰተኛ ወረቀት ሐኪም አያደርገውም። ሕይወቴን ለእሱ አሳልፌ እሰጣለሁ የምትሉትን ሰው አስቡና ቀዶ ሕክምናውን ሙና ይሥራው ትሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ፊልሙም ቢላዋ አላስጨበጠውም።

ከ20 ዓመት በኋላ ያረጀበት ነገር የለም?

አለ። ሱማን ሐኪም ሆና ሳለ አብዛኛውን ጊዜዋን የምታጠፋው ሙናን እየተመለከተች በመሣቅ ነው፤ አባቷን የምትሞግትበት ንግግር ግሩም ሆኖ ሳለ የሚመጣው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ሰው ማፈን እንደ ልጆች ጨዋታ ይታያል። የካንሰር በሽተኛውን ለማስደሰት በሆስፒታል ውስጥ የምትጨፍር ሴት ማምጣት ያን ጊዜም ያስገርም ነበር፤ አሁን ደግሞ ነርሶቹ ምን ብለው ይሆን ያሰኛል። ዘፈኖቹንም የሚያሳልፍ ሰው ብዙ አይጎድልበትም፤ አልፎ አልፎ እኔም አሳልፌአለሁ።

አዲስ ተማሪን የማዋረዱ ትዕይንት ግን በተቃራኒው ገዝፏል። ነባር ተማሪዎች ሙናን ሊያዋርዱት ይሞክሩና ነገሩ ይገለበጥባቸዋል። በህንድ ኮሌጆች ይህ ልማድ ነፍስ እስከማጥፋት ደርሷል፤ በ2009 የዩኒቨርሲቲዎች ኮሚሽን ጥብቅ መመሪያ ያወጣበትም ለዚህ ነው። ያን ትዕይንት ዛሬ የሚያይ ህንዳዊ ወላጅ እንደ ድሮው ዘና ብሎ አይስቅም።

ሙና በመጨረሻ ሐኪም ሆነ?

አልሆነም። ብዙ ሰው ተመርቆ ያየው ይመስለዋል፤ ትዝታ ያታልላል። ዛሂር ከሞተ በኋላ ሙና ዲኑ ፊት ቆሞ የሚፈተነውን ፈተና ሳይጨርስ አቋርጦ ይወጣል። ዕቃውን ይዞ ሲሄድ ነው ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰው አናንድ የሚንቀሳቀሰው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ልጆች ሰብስቦ የሚተርከው ራሱ አናንድ ነው። ሙና ሱማንን ያገባል፤ በትውልድ መንደሩም ሆስፒታል ይከፍታሉ፤ የሚያክሙት እሷና ሌሎች ሐኪሞች ናቸው። ሰርኪትም አግብቶ ወንድ ልጅ ወልዷል። ልጁን «ሾርት ሰርኪት» ይሉታል።